ለቁልቁለቱ መልበስ

በክረምት ጎንደር ላይ ብስክሌት ለሚነዱ ሰዎች የተሰጠ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ሐምሌ ገብቶ፣ ሰማዩም ከምሳ በኋላ መጥቆር ጀምሮ፣ ስለ ልብስ ለመስማት እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ እናመሰግናለን። ከእናንተ መካከል ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ ሠራተኛ አለ፤ ተማሪ አለ፤ እሑድ እሑድ ወደ ኮሶዬና ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣ ስፖርተኛም አለ። ሁላችሁም የምትጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ «ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ የትኛው ነው?»

መልሱን አመጣዋለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። በክረምት አንድ ሰዓት ሙሉ ብስክሌት የነዳ ሰው ምንም ቢለብስ መርጠቡ አይቀርም። ከላይ ዝናቡ አለ፤ ከታች የፊት ጎማው የሚረጨው ውሃ አለ፤ ከውስጥ የራሱ ላብ አለ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚከለክል ልብስ የለም። ስለዚህ ልብስ ስንመርጥ ማሰብ ያለብን ረጥበንም እንዳይበርደን ነው። ብርዱ ደግሞ የሚይዘን ዳገት ላይ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

የአዘዞን መንገድ እንውሰድ። ከአዘዞ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከተማው ከአዘዞ 200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አዘዞ አድሮ ፒያሳ የሚሠራ ሰው ጠዋት ሲመጣ ዳገት ነው፤ ዝናብም ብዙ ጊዜ የለም። ማታ ሲመለስ ቁልቁለት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ይህ ሰው ጠዋት በላብ ያረጠበውን ልብስ ለብሶ ማታ ከወረደ፣ የጠዋቱ ላብ ላይ የማታው ዝናብና ነፋስ ይጨመርበታል። ፒያሳ አድሮ አዘዞ የሚውለው ግን በተገላቢጦሽ ነው። ሰውነቱ ገና ሳይሟሟቅ በጠዋቱ ብርድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማታ በዝናብ ዳገቱን ይወጣል። ለእሱ የጠዋት ጓንትና ደረቱን ከነፋስ የሚጋርድ ነገር ከማታው የዝናብ ልብስ ይበልጥበታል፤ ማታማ ዳገቱን ሲገፋ ሰውነቱ ራሱ ምድጃ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ልብሳቸው ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፔዳል ስንረግጥ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ፍጥነታችን በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ያን ሙቀት የሚወስድልን ነፋስ የለም፤ እናልባለን። ጫፍ ደርሰን ቁልቁል ስንዞር ሁሉም ይገለበጣል። እግራችን ሥራ ይፈታል፣ ምድጃው ይጠፋል፣ ፍጥነታችን 30 እና 40 ይገባል። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ ቆዳችን የሚሰማው ብርድ የ7 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ግን ለደረቅ ሰው ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። በዚያ ላይ ከልብስ የሚተን አንድ ሊትር ውሃ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይፈጃል። የረጠበ ጂንስና ወፍራም ካናቴራ ግማሽ ሊትር ውሃ መያዝ አያቅታቸውም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሰውነታችን ነው።

ወደ ሰሜን ለምትወጡት ደግሞ ከፍታው አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ አምባ ጊዮርጊስ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ጎንደርን 18 ዲግሪ ላይ ሆና ትታችኋት ስትወጡ፣ እላይ የሚጠብቃችሁ 13 ገደማ ነው፤ የወገራ ጉምና ነፋስ ሳይቆጠር። ከዚያ ላባችሁን ይዛችሁ ቁልቁል ልትመለሱ ነው።

ነገሩ ለታላላቅ ተወዳዳሪዎችም የተለየ አይደለም። ግንቦት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ጁን 5 ቀን 1988 ማለት ነው፣ የጣሊያን ዙር ውድድር በጋቪያ ተራራ ላይ ሲያልፍ በረዶ ወረደ። ጋቪያ 2,621 ሜትር ነው፤ በከፍታ ከደባርቃችን ያንሳል። ጫፉን ቀድሞ የረገጠው ሆላንዳዊው ዮሃን ቫን ደር ቬልደ ነበር፤ እጅጌው አጭር ነበር፣ ጓንትም አላደረገም። ዳገቱን አሸነፈ፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አስቆመው፤ ሊሟሟቅ ከመንገድ ወጣ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ከ45 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበር። አሜሪካዊው አንድሪው ሃምፕስተን ግን ቡድኑ በዚያው ጠዋት ወፍራም ጓንትና የክረምት ልብስ አዘጋጅቶለት ስለነበር ቁልቁለቱን ተቋቁሞ ወረደ፤ የመሪነቱን ሮዝ ማልያ የለበሰውም ያን ዕለት ነው፤ ውድድሩንም አሸነፈ። በጉልበት ያን ያህል የሚበላለጡ ሰዎች አልነበሩም። ልዩነቱ ጫፉ ላይ የነበራቸው ልብስ ነው።

ቆዳ የሚነካው

ጃኬት ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቆዳችሁን የሚነካውን ልብስ አስተካክሉ። እዚህ ላይ ዋናው ጠላት ጥጥ ነው። ይህን ስል ጥጥን እያናናቅሁ አይደለም፤ ጋቢያችንም ነጠላችንም ከእሱ ነው። ጋቢ ደረቅ ሳለ የሚያሞቀው በድርቡ መካከል ብዙ አየር ስለሚይዝ ነው። ሲረጥብ ያን አየር ውሃ ይተካዋል፣ ድርና ማጉ ይጣበቃል፣ ሙቀቱ ይሄዳል። የጥጥ ካናቴራም እንደዚያው ነው፤ ዳገት ላይ ያጠጣችሁትን ላብ ቁልቁለት ላይ ደረታችሁ ላይ ለጥፎ ያቀዘቅዘዋል።

እቤት ሞክሩት። አንድ የጥጥ ካናቴራና አንድ የፖሊስተር የእግር ኳስ ማልያ በአንድ ባልዲ ንከሩ፤ እኩል ጭመቁና ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ስቀሏቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ሳይሆን በጉንጫችሁ ንኳቸው፤ ጉንጭ እርጥበትን ከጣት ይልቅ ይለያል። ማልያው ስፌቱና ኮሌታው ላይ ብቻ ቀዝቀዝ ይላል። ካናቴራው ግን የታችኛው ጠርዙ ገና ውሃ አጠራቅሞ ከባድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፖሊስተር ክሩ ውስጥ ውሃ አያስገባም ማለት ይቻላል፤ ውሃው በክሮቹ መካከል ስለሚቀመጥ ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከቆዳ ቀጥሎ የሚለበሰው ሰውነት ላይ ልክክ ያለ የፖሊስተር ማልያ ይሁን። ሰፊ ከሆነ ላቡን ከቆዳ ላይ አያነሳም።

ቅዳሜ ገበያም ሆነ አራዳ ሰልባጅ ስታገላብጡ ጨርቁ ምን እንደሆነ በዓይን ማወቅ ያስቸግራል፤ ጽሑፉ ተቆርጦ የወጣ ብዙ ነው። ልብሱን ከገዛችሁ በኋላ ወይም ሻጩ ከፈቀደላችሁ፣ ከውስጠኛው የስፌት ጠርዝ አንድ ክር ምዘዙ፤ በወረንጦ ይዛችሁ ክብሪት አስጠጉት። ጥጥ ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ልም ግራጫ ነው። የበግ ፀጉር እሳቱን ስታርቁት ራሱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ የቀረው ጥቁር ፍም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ቀልጦ ይጨማደድና የማይፈርስ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ፍሬው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በጣታችሁ እንዳትነኩት፤ ይለጠፋል፣ ያቃጥላል።

ከማልያው በላይ የሚደረበው ሹራብ ነው፤ እዚህ ላይ የበግ ፀጉርን የሚያህል የለም። የበግ ፀጉር የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ክሩ ውስጥ ሸሽጎ ላይ ላዩን ግን ደረቅ ይመስላል፤ ክሩ የተጠማዘዘ ስለሆነም ሲረጥብ እንደ ጥጥ አይጣበቅም፣ አየሩን አይለቅም። ይህን ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። የቆሎ ተማሪ በደበሎ ክረምቱን ይወጣል፤ የሰሜን እረኛ ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆቡን አድርጎ በጉም ውስጥ ይውላል፤ በርኖስም ያው ነው። ብስክሌት ላይ ግን ወፍራሙ አይሆንም። ስስ ሹራብ ፈልጉ፤ በጣም ለሚበርድ ቀን ሁለት ስስ መደረብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ዳገት ላይ አንዱን ማውለቅ ይቻላልና። የበግ ፀጉር ካጣችሁ በየሱቁ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ሹራብም ከጥጥ ይሻላል።

ምን ያህል ልደርብ ለሚል ሰው መለኪያው ይህ ነው፦ ከቤት ወጥታችሁ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። በር ላይ ሳላችሁ ከተመቻችሁ በዝቷል፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ በላብ ትዘፈቃላችሁ፤ ያ ላብ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ይጠብቃችኋል።

የላይኛው

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ መጣሁ። ከተማችን ውስጥ የሚገኘው የላይ ልብስ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው የሞተርና የባጃጅ ሾፌሮች የሚለብሱት የፕላስቲክ ጃኬትና ሱሪ ነው። ውሃ ፈጽሞ አያስገባም፤ ላብም ፈጽሞ አያስወጣም። ሞተረኛ ተቀምጦ ስለሚሄድ አያልበውም። እናንተ ግን ዳገት ትገፋላችሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውስጡ ከዝናብ ያልተናነሰ ይረጥባል። ቢሆንም ርካሽ ነው፣ ነፋስም ይከላከላል፤ ለቁልቁለት መጥፎ አይደለም። ካላችሁ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ በቀበቶ መብሻው በእያንዳንዱ ብብት ሥር 6 ቀዳዳ አስበሱት፤ የእርሳስ ውፍረት ይበቃል፣ በሁለት ጣት ስፋት ይራራቁ። እጃችሁ ወርዶ መሪውን ሲይዝ ብብት ከዝናብ የተከለለ ስለሆነ ውሃ አይገባም፤ እንፋሎቱ ግን ይወጣል። ዳገት ላይ ዚፑን እስከ እምብርት ክፈቱት።

ሁለተኛው ስስ የናይሎን ጃኬት ነው፤ ተጣጥፎ ጡጫ ያህል የሚሆነው። ለ20 ደቂቃ ዝናብ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያስገባል። እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለጎንደር የምመርጠው ይህን ነው። ከሥሩ የበግ ፀጉር ሹራብ ካለ፣ ቢያስገባም ነፋሱን ይዞ ይቆያል። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ለመውረድ ደግሞ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ነፋስ መከልከሉን ለማወቅ ጨርቁን አፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ እፍ በሉ፤ ትንፋሻችሁ በወዲያ በኩል መዳፋችሁ ላይ ከተሰማችሁ ተዉት።

ሦስተኛው እንደ ጎርቴክስ ያለ፣ በጨርቁ ውስጥ ስስ ሽፋን የገባበት ጃኬት ነው፤ አንዳንዴ ሰልባጅ ውስጥ ይገኛል። ሽፋኑ የውሃን ጠብታ ይከለክላል፣ እንፋሎትን ያሳልፋል። ሰልባጅ ላይ ስታዩት ገልብጡት። በስፌቱ ሁሉ ላይ የተለጠፈ ቴፕ መኖር አለበት፤ ከሌለ ውሃው በመርፌ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ቀጥሎ ውስጡን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። እንደ ቅርፊት ከተላጠ ወይም እጅ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሽፋኑ አርጅቷል፤ መድኃኒት የለውም፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ለዝናብ አይሆንም። ሽፋኑ ደህና ሆኖ ውጪው ጨርቅ ብቻ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ግን ይድናል። በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት፤ ሲደርቅ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ካውያ ተኩሱት። ሙቀቱ ውሃ የሚገፋውን ቅባት ይመልሰዋል፤ ጠብታው እንደ ኮባ ቅጠል ላይ ያለ ውሃ ይንከባለላል። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አታስነኩት። ዱቄት ሳሙና በደንብ ካልተለቀለቀ ጨርቁ ላይ ይቀርና ውሃ ይስባል፤ ብዙ ጃኬት «ያስገባል» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛውንም ብትገዙ ቆማችሁ አትለኩት። ወንበር ላይ ጎንበስ ብላችሁ፣ እጃችሁን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግታችሁ ለኩት። እጅጌው አንጓችሁን ካጋለጠ፣ ጀርባው ከቀበቷችሁ በላይ ከተሰበሰበ ሌላ ፈልጉ። ከጉልበት በታች የሚወርደውን ረጅም ካፖርትና እንደ ካባ የሚጣለውን ላስቲክ ደግሞ ለእግረኛ ተዉለት። ነፋስ ሲገባበት እንደ ሸራ ይነፋል፣ ጫፉም ካቴና ውስጥ ይገባል።

እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ

የቆርቆሮ ጣሪያ የማያስገባው ላይኛው ቆርቆሮ ታችኛው ላይ ስለሚደረብ ነው። ልብስም እንዲሁ ነው። የጃኬቱ እጅጌ በጓንቱ ላይ ይውረድ፣ ጓንቱ እጅጌው ውስጥ ይግባ፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት ከክንዳችሁ የሚወርደው ውሃ ጓንቱን እንደ ማሰሮ ይሞላዋል። ሱሪው ከቦት ጫማው ውጭ ይውረድ። ጎማ ቦት ያደረገ ብዙ ሰው ሱሪውን ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ ሩብ ሰዓት ሳይሆነው እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል።

እጅ ላይ ልቆይ፤ ከምቾት ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ፍሬን የሚይዘው ጣት ነው። ጣት ሲደነዝዝ ማንሻው መያዙንና አለመያዙን አያውቅም። በዚያ ላይ ቸርኬው፣ ማለትም ጎማውን የያዘው የብረት ክብ፣ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ ስላለበት ብስክሌቱ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ከመታጠፊያው ቀደም ብላችሁ ፍሬኑን ላላ አድርጋችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉት፤ ቸርኬው ይጠረግ፤ ከዚያ አጥብቁ። ለጓንት ውድ ነገር አያስፈልግም፦ ስስ የሱፍ ጓንት፣ ላዩ ላይ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት። ላስቲኩ ነፋሱንና ዝናቡን ይከለክላል፣ ሱፉ በላብ ቢረጥብም ያሞቃል። የጎማው ጓንት ጠባብ ከሆነ ግን ደም ያስራል፣ ጣትም ባዶውን ከሚበርደው ይብስበታል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ግዙ።

እግር ከሁሉም ቀድሞ የሚረጥበው ከሰማይ በመጣ ውሃ አይደለም፤ የፊት ጎማው የሚረጨው ነው። ስለዚህ ለእግር ምርጡ ልብስ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ የሚታሰረው የጭቃ መከላከያ፣ ነው። ፓራፋንጎ ያለው ብስክሌትም ብዙ ጊዜ ከታች ያጥረዋል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ወይም ከጀሪካን ላስቲክ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡ፤ ከፊተኛው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ በሁለት ቡለን እሰሩት፤ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ይህን ካላደረጋችሁ ካልሲ ብትደራርቡ ድካም ነው። ካልሲው የበግ ፀጉር ወይም የሱፍ ድብልቅ ይሁን። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ መንገድ በካልሲውና በጫማው መካከል ፌስታል ማድረግ ይሠራል፤ ነፋስ ይከለክላል። ከሁለት ሰዓት ካለፈ ግን ላቡ እዚያው ይጠራቀማል። ጫማው ውስጥ ጣቶቻችሁን ማንቀሳቀስ መቻል አለባችሁ፤ ሁለት ካልሲ አድርጎ ጫማን በግድ ማሰር እግርን የሚያበርደው ነገር ዋነኛው ነው።

ስለ ጭን ብዙ አልልም። ጂንስ አትልበሱ፤ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ጭን ይልጣል። ከ18 ዲግሪ በላይ በሆነ ዝናብ ቁምጣ ይበቃል፤ ባዶ ቆዳ ከማንኛውም ጨርቅ ቀድሞ ይደርቃል። ከ15 በታች ሲሆን ጉልበት ይሸፈን። ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኝ ሱሪያችሁን ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩት። ቀሚስ ለብሳችሁ የምትነዱ እህቶች ከሥር ልክክ ያለ ሱሪ አድርጉ፣ የቀሚሱን ጠርዝ ከጉልበት በላይ አንስታችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ነጠላ ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይሂድ እንጂ ትከሻ ላይ አይሁን፤ ጥለቱ ራጂ (የጎማው ሽቦ) ውስጥ ከገባ የሚጥለው ሰውየውን ነው።

ራስ ላይ ከሄልሜት ሥር ጆሮ የሚሸፍን ስስ ቆብ ይበቃል፤ ግንባሩ ላይ መከለያ ካለው ዝናቡን ከዓይን ይመልሳል። የጃኬቱን ኮፍያ አጥልቃችሁ አትንዱ። ዞር ስትሉ ራሳችሁ ይዞራል፣ ኮፍያው ግን ባለበት ይቀራል፤ ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ የምታዩት ጨርቅ ነው። ቀለምን በተመለከተ፣ የኮሶዬ ጉም ውስጥ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ይጠፋል። ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ምረጡ፤ አንጸባራቂ ቴፕ ካገኛችሁም ከጀርባ ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠቅልሉት። እግር ከፍ ዝቅ ሲል ሾፌሩ ብስክሌት መሆኑን ከሩቅ ይለያል።

ጫፉ ላይ

ዳገቱ አልቆ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቁሙ። ሳይበርዳችሁ ቁሙ፤ ከበረዳችሁ በኋላ ዚፕ መያዝ ያቅታችኋል። ከግድግዳ ወይም ከቤት ጀርባ፣ ነፋስ በሌለበት በኩል ሁኑ። የረጠበውን ማልያ ለመቀየር ደረቅ ይዛችሁ ከሆነ አሁን ነው ጊዜው፤ ከወገብ በላይ ያለው ይቅደም። ቀጥሎ 4 ወይም 5 ገጽ ጋዜጣ አጥፋችሁ ከሹራቡና ከጃኬቱ መካከል ደረታችሁ ላይ አስገቡ፤ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች ለብዙ ዘመን ተራራ ጫፍ ላይ ጋዜጣ እየተቀበሉ ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ዚፑን እስከ አንገት ዝጉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያ ውረዱ። በጠቅላላ 3 ደቂቃ ነው። ስትወርዱም ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ እግር ሥራ ከፈታ ሙቀት የለም።

የምትይዙት አንድ ደረቅ ማልያ፣ አንድ ጥንድ ካልሲና አንድ ጓንት ነው፤ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። በሁለት ፌስታል አድርጉት፦ የመጀመሪያውን ቋጥሩ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ሁለተኛው ውስጥ ክተቱት።

የብርድ ጉዳት መጀመሩን የሚነግራችሁ ፈተና አለ። አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣታችሁ ጋር ለማገናኘት ሞክሩ። ካልተገናኘ ፍሬን የምትይዙበት እጅ የላችሁም፤ ውረዱና ጠለላ ግቡ። ጓደኛችሁ በኃይል እየተንቀጠቀጠ ቆይቶ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ግራ የተጋባ ከመሰለ እንዲነዳ አትፍቀዱለት። እርጥቡን አውልቁለት፣ በደረቅ ነገር ጠቅልሉት፤ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። ቶሎ የማይሻለው ከሆነ ወደ ሕክምና ውሰዱት። አረቄ አይሆንም። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ለጊዜው ሙቀት ይሰማዋል፤ እውነቱ ግን የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ እየሸሸ መሆኑ ነው።

ከታዳሚዎች የተነሡ ጥያቄዎች

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት ይባላል፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?» ተብሎ ተጠይቋል። አባባሉ ለገበሬው የዝናቡን ማዘቅዘቅ ይነግረዋል። ብስክሌት ላይ ግን እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ከሰዓት በኋላ ዝናብና በረዶ ስለማይታጣ ጃኬቱ ከቦርሳ አይውጣ። በረዶ ሲጀምር አትንዱ፣ በረንዳ ሥር ቁሙ። መብረቅ ካለ ደግሞ ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ለብቻው የቆመ ዋርካ ሥር አትጠለሉ። ዝናቡ አልቆ ደረቁ ወቅት ሲገባ የጠዋቱ ብርድ ይመጣል፤ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ጓንትና ጋዜጣው እንጂ የዝናቡ ልብስ አያስፈልግም።

አንዲት እናት በጃንጥላ ስለሚነዱ ልጆች ጠይቀዋል። ይከልከሉ። በአንድ እጅ የሚነዳ ልጅ አንድ ፍሬን ብቻ ነው ያለው፤ ጃንጥላው ነፋስ ሲይዝ ደግሞ መሪውን ይዞት ይዞራል። ለልጅ ስስ ጃኬትና ከግንባሩ መከለያ ያለው ቆብ ይበቃዋል፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚቀይረው ደረቅ ካልሲ በፌስታል ይያዝለት።

የመጨረሻው ጥያቄ «ጫማዬ በክረምት አይደርቅልኝም፣ ምድጃ አጠገብ ሳኖረው ሶሉ ተላቀቀ» የሚል ነበር። ሶሉን የያዘው ማስቲሽ በሙቀት ስለሚላላ ነው። ማታ ስትገቡ የውስጡን ሶል አውጡ፣ ማሰሪያውን አላሉ፣ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ እስከ ጣት ጫፍ ጠቅጥቁበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣው ርሶ ታገኙታላችሁ፤ በደረቅ ቀይሩት። ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ደግማችሁ ቀይሩትና ጫማውን ከምድጃው ሁለት ክንድ ያህል አርቃችሁ፣ አየር እንዲገባበት በጎኑ አስተኙት። ጠዋት ፈጽሞ ባይደርቅ እንኳ እርጥበቱ ከካልሲ የማያልፍ ይሆናል።